በማርቆስ ቤት ሲከራዩ ከዋጋው በፊት ሠፈሩ ይታይ

ለሥራም ሆነ ለንግድ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው መናኸሪያ ወርዶ ደላላ ሲያነጋግር በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ «በስንት ይፈልጋሉ?» የሚል ነው። «የት ይፈልጋሉ?» የሚለው ዘግይቶ ይመጣል። ደላላው በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ ኮሚሽኑ የሚታሰበው በኪራዩ መጠን እንጂ በሠፈሩ ምቾት አይደለምና። ችግሩ ተከራዩም ይህንኑ ቅደም ተከተል ተቀብሎ ሒሳቡን በወር ኪራይ ጀምሮ በወር ኪራይ መጨረሱ ነው።

የማርቆስ የኪራይ ገበያ መሐልና ዳር ተብሎ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። መሐሉ ከተማዋ መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን አንስቶ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያንና በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት ዙሪያ የተሰባሰበው ነባር ሠፈር ነው። ለገበያ፣ ለመናኸሪያና ለመሥሪያ ቤት ቅርብ በመሆኑ ነጋዴ የሚመርጠው ይህንን ነው። ይሁንና እዚህ የሚከራይ ቤት እንደልብ አይገኝም። ምክንያቱ ሩቅ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። የቀበሌ ቤት የያዘ ሰው ከገበያው ጋር በማይገናኝ ኪራይ ስለሚኖር አይለቅም፤ ቢለቅም ቤቱ ወደ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ ለአዲስ መጪ የሚቀረው በአብዛኛው ከግል ይዞታ ጓሮ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ነው። መጸዳጃውም ቆጣሪውም የጋራ ነው።

ዳሩ በማኅበር የተሠሩት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ የበቀሉት ሠፈሮች ናቸው። እዚህ ክፍሉ ሰፋ፣ ግቢው ጸዳ ይላል፤ ኪራዩም እንደ ርቀቱ ቀነስ ይላል። ግን ቅናሹ ኪስ ውስጥ መቅረቱ መታየት አለበት። ለምሳሌ ያህል ባልና ሚስት ዳር ወጥተው በወር 1,000 ብር አተረፉ እንበል። ሁለቱም በወር 26 ቀን በባጃጅ ወደ ሥራ ሄደው ቢመለሱ 104 ጉዞ ይሆናል። የአንዱ ጉዞ ዋጋ 10 ብር ብቻ ቢሆን እንኳ 1,040 ብር ወጣ። ትርፉ የባጃጁ ሆነ ማለት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ቤተሰብ ደግሞ ከዚህም በላይ ይከፍላል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቆጣሪው ጉዳይ ነው። የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ የሚልበት ነው። በመሆኑም አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ እያንዳንዱ ጥቂት ቢያበራም ግቢው በጠቅላላ ከፍተኛው እርከን ላይ ይወጣል። ምጣድ የማይጥደው ወንደላጤ እንጀራ ለሚጋግሩት ጎረቤቶቹ ሒሳብ ያዋጣል። የግል ቆጣሪ ላለው ክፍል ጥቂት ጨምሮ መክፈል ከዚህ አንፃር ብክነት አይደለም። ውኃም እንዲሁ ነው፤ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሮቶ የሌለው ግቢ የተከራይን ጊዜና የጀሪካን ተሸካሚ ገንዘብ ይበላል። ይህንን ከአከራዩ ይልቅ ጎረቤት አጣርቶ ይናገራል። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗም ኮርኒስ የሌለው ቤት ሌሊቱን ምን እንደሚመስል ቀን ላይ ጎብኝቶ ማወቅ አይቻልም።

ወደ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ስንመለስ ባለሀብቶች የሚሠሩት አንድ ስሕተት አለ። ተቋሙ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ «ተማሪ ይከራየዋል» ተብሎ ብዙ ነጠላ ክፍል ተገንብቷል። ነገር ግን የመደበኛው ተማሪ ማደሪያ በአብዛኛው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ውጭ የሚከራዩት መምህራን፣ ሠራተኞችና በክረምት ወይም በሳምንት መጨረሻ የሚማሩ ናቸው። የክረምቱ ተማሪ ሁለት ወር ከርሞ ይሄዳል፤ መምህሩ ደግሞ ቤተሰብ ስላለው ነጠላ ክፍል አይበቃውም። ሁለት ክፍል ከነመጸዳጃው፣ ከነግል ቆጣሪው የሚፈልግ ተከራይ መሐል ከተማም ዳርም ሲንከራተት ይታያል። ክፍተቱ እዚህ ነው።

አከራዮችም የሚያነሱት ቅሬታ ተገቢነት አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ የግንባታ ዕቃ ተወዷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭትም የጭነት መኪና ከዓባይ ማዶ በወቅቱ እንዳይደርስ አድርጓል። የራሱ ወጪ የጨመረበት አከራይ ኪራይ ቢጨምር አያስደንቅም። የሚያስከፋው ጭማሪው የቃል መሆኑ ነው። ትናንት በስምምነት የገባ ተከራይ በወሩ መጨረሻ «ጨምር፣ አለዚያ ልቀቅ» ሲባል ሠፈር መርጦ የገባበት ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል። ሱቁን፣ የልጁን ትምህርት ቤትና ደንበኞቹን አስልቶ የተከራየ ነጋዴ ጉዳቱ ከጭማሪው በላይ ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ክልሎች ግን አዋጁ ተፈጻሚ የሚሆንባቸውን ከተሞች የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ሆኖም ተከራይና አከራይ በፈቃዳቸው የሁለት ዓመት ውል እንዳይጽፉ፣ የጭማሪውንም ጊዜና መጠን አስቀድመው እንዳይወስኑ የሚከለክላቸው የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለውን ውል ያጸናል። ደላሎችም ኮሚሽናቸውን ከተቀበሉ በኋላ ከመጥፋት ይልቅ ይህንን ወረቀት አጽፈው ቢለያዩ ተከራይም አከራይም ደግሞ ይፈልጋቸዋል።

ቤት የሚፈለግበት ወቅትም ዋጋ አለው። ከነሐሴ እስከ መስከረም ተዛዋሪ ሠራተኛና መምህር በአንድነት ስለሚፈልጉ አከራዩ አማራጭ አለው፤ ለመደራደርም አይቸኩልም። ጥር ላይ ባዶ ክፍል ይዞ የተቀመጠ አከራይ ግን ስለ ሁለት ዓመት ውል ሲነገረው ወንበር አቅርቦ ያዳምጣል።