ማንጎው ሲታመም የካፍቴሪያ ሲስተም

የመመረቂያ ፕሮጀክት አርእስቶች ሲለጠፉ አንጀቴ ያርራል። «ዌብ ቤዝድ የካፍቴሪያ አስተዳደር ሲስተም»፣ «የዶርም ምደባ ሲስተም»፣ «ኦንላይን ክሊራንስ»። አምናም ካቻምናም እነዚሁ ነበሩ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ አይደለም፤ ኮምፒውተር ሳይንስ በሚሰጥበት ግቢ ሁሉ ያለ በሽታ ነው። ሽፋኑ ላይ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ተጽፎ ምዕራፍ ሦስት ላይ የሌላው ስም ሳይጠፋ የቀረበት ሰነድ በእጄ አለ። እንዲህ ያለው ሰነድ ተጠርዞ፣ በአማካሪ ተፈርሞበት፣ ዲፌንስ አልፎ «በጣም ጥሩ» ያገኛል። ይህ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ አሶሳ ተቀምጦ «የሚሠራ ችግር አጣን» የሚል ተማሪ ነው። ከግቢው ወጥተህ የማንጎ ዛፍ ሥር ቁም! እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ወደዚህ ከተዛመተ ቆይቷል። ቅጠሉን በነጭ ነጠብጣብ ይሸፍነዋል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳ ያለበትን ማንጎ ደግሞ ነጋዴ አያነሳውም። አራት ተማሪዎች በአንድ ዓመት የሚጨርሱት ሥራ እዚህ አለ፦ የግብርና ባለሙያው ማሳው ላይ ቆሞ ዛፉን በስልኩ ፎቶ የሚያነሳበት፣ ቦታውንና የጉዳቱን መጠን የሚመዘግብበት፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መረጃውን ስልኩ ላይ አስቀምጦ ከተማ ሲገባ የሚልክበት መተግበሪያ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ማሳ በተለያየ ቀን ቢመዘግቡ የትኛው ይጽና? ስልኩ መረጃውን በመላክ ላይ ሳለ ባትሪው ቢያልቅ ምን ይሆናል? አራት ዓመት የተማራችሁት ዳታቤዝና ኔትወርክ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ካፍቴሪያው ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለም፤ ለዚህም ነው የምትመርጡት።

ይህ ብቻ አይደለም። አሶሳ ባለችበት ክልል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች በበርታኛ፣ በጉሙዝኛና በሽናሽኛ ይማራሉ። ለበርታኛ ፊደል ማረሚያ የሚሆን የቃላት ስብስብ ማዘጋጀት ብቻውን የተከበረ ፕሮጀክት ነው፤ በቋንቋው አፉን የፈታ ተማሪ ደግሞ አጠገባችሁ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በድንበሩ ከተማ በኩርሙክ በኩል የሚገባው ሰው ብዙ ነው። እንግዳ ተቀባዩና እንግዳው የሚግባቡበትን የጤና ጣቢያ መዝገበ ቃላት ማን ይሥራው? አዲስ አበባ ያለ ድርጅት?

አሠራሩም ያው የተበላሸ ነው። መስከረም ላይ አርእስት፣ ኅዳር ላይ ፕሮፖዛል፣ ጥር ላይ ዲያግራም፣ ከዚያ እስከ ሚያዝያ ዝምታ። ግንቦት ሲገባ ከአምስቱ የቡድን አባላት አንዱ ብቻ ኮድ ይጽፋል፤ እሱም ካልቻለ ቡድኑ ብር አዋጥቶ ይገዛል። ሥራው በአንዱ ላፕቶፕ ሎካልሆስት ላይ ተወልዶ እዚያው ይሞታል። ዕቅድ የሚባለው በዶክሜንቴሽኑ ውስጥ ያለው የጋንት ቻርት ነው፤ እሱንም አብዛኛው ሰው የሚሥለው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ሥራ እንዴት በደረጃ እንደሚጠናቀቅ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጉባ ላይ ያለው ታላቁ የህዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው፤ የመጀመሪያው ተርባይን ግን ኃይል ማመንጨት የጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ነበር። አሥራ ሦስቱም እስኪገጠሙ አልተጠበቀም። እናንተም ኅዳር ላይ አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ፣ ግን የሚሠራ ነገር አሳዩ፦ አንድ ፎርም፣ አንድ ማሳ፣ አንድ ፎቶ። በአንዲት የግብርና ባለሙያ እጅ ላይ አኑሩትና ስትነካካው አጠገቧ ቆማችሁ ተመልከቱ። ዲያግራሙ ከዚያ በኋላ ይሣላል። የማይሠራውን ያን ጊዜ ስለምታዩት ሰኔ ላይ አትደነግጡም።

መምህራን፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። ዲፌንስ ላይ ስለ ዩዝ ኬዙ ቀስት አቅጣጫ ሩብ ሰዓት ትከራከራላችሁ፤ «ይህን ሲስተም ማን ተጠቀመበት?» ብላችሁ ግን አትጠይቁም። ቃለ መጠይቅ ተደረገለት ለተባለው ሰው ስልክ ደውላችሁ አታውቁም። ከ2015 ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው መጣ፤ የመጨረሻው ሴሚስተር ወደ ምርጫ ጥያቄ ልምምድ ዞረ፣ ፕሮጀክቱም የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆነ። ፈተናውን አልቃወምም፤ ሃምሳ ከመቶ ማምጣት ያቃተው ተማሪ ቢያንስ ራሱን ይወቅ። ነገር ግን ከአራት ምርጫ አንዱን መምረጥ የማይለካውን ነገር ለመለካት የቀረን አንድ መሣሪያ ፕሮጀክቱ ነው፤ እሱንም ለኮፒ ቤት አሳልፋችሁ ሰጣችሁት!

የምጠይቀው ግልጽ ነው። በውጤት መስጫው ቅጽ ላይ ከአማካሪው ፊርማ በላይ ሌላ መስመር ይሰመር። እዚያ ላይ የሚፈርመው ሥራው የተሠራለት ሰው ይሁን፤ የባምባሲ ወረዳ የግብርና ባለሙያ፣ የበርታኛ መምህር፣ የጤና ጣቢያ ነርስ። አንድ ወር ከተጠቀመበት በኋላ ይፈርም። ፊርማው ከሌለ ዲፌንስ አይጠራ፤ ልጆቹም የቀጠሮ ቀን ይሰጣቸውና ወደ ቀበሌው ይመለሱ።