ስለ አሮጌ ቮልስዋገን የውስጥ ልብስ



በዚህ ዓምድ ላይ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ነገር ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከአባቱ የወረሰውን ቮልስዋገን ጠዋት ጠዋት እያስነሣ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ ሁሉ ችግሩን ያውቀዋል። ሞተሩን የሚያድስ ባለሙያ ሞልቷል፤ ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጥም አይታጣም። የሚያስቸግረው የውስጡ ልብስ ነው፤ ይኸውም የበሩ ሽፋን፣ የጣራው ልብስና ወንበሩ።

የእኔ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1968 ሥሪት ናት። የበሮቿ ሽፋን ስለ ተቀደደ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አንድ የመኪና ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውየው አሮጌውን ገንጥሎ ጣለና በዓይን መጥኖ ኮምፔርሳቶ ቆረጠ፤ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክም በማስቲሽ ለጠፈበት። በዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ሽፋኑ ውሃ ጠጥቶ አበጠ፤ ዳሩም እንደ ደረቀ እንጀራ ተነሣ። ኮምፔርሳቶው ከቀድሞው ሰሌዳ ስለሚወፍር ክሊፑ ብረቱን መንከስ አቅቶት በየጉድጓዱ ላይ መኪናዋ ስታንኳኳ ትውላለች።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። በመስታወቱ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሠሪዎቹ ዐውቀው ከበሩ ሥር የማፍሰሻ ቀዳዳ አበጅተውለታል። ነገር ግን በብረቱና በሽፋኑ መካከል ሰሌዳውን ከእርጥበት የሚጠብቅ ስስ የላስቲክ ወረቀት አለ። የእኔን ሰፊው እንደ ቆሻሻ ቀዶ ጥሎት ኖሯል። ዋጋው ኢምንት የሆነ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ቢኖር ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ባልጠፋ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በሠራተኛው ላይ መጣል ግፍ ይሆናል። «ለቅዳሜ ይድረስልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዋጋውን እስኪሰለቸው የተከራከርኩትም እኔ። አሮጌውን ልጣለው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ «ምን ያደርግልኛል» ብዬ የመለስኩለትም እኔው ነኝ። የተቀደደው ሽፋን ትክክለኛው ልክ መሆኑን አላስተዋልኩም። ሸማኔም ሆነ ልብስ ሰፊ ያለ ልክ አይሠራም፤ የመኪና ልብስ ግን በዓይን ሊሠራ ይችላል ብለን እናምናለን።

ልኩ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ቮልስዋገን ሁሉ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ በ1965 ሥሪት መስኮቶቹ ስለ ሰፉ የጣራውም ልብስ ከቀድሞው ጋር አይገጥምም። ከ1972 በኋላ የመጣው 1303 የተባለው ደግሞ የፊት መስታወቱም ዳሽቦርዱም ሌላ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ወይም ጀርመን አገር ያለ ዘመድ ልብሱን ገዝቶ እንዲልክ የሚጠይቅ ሰው «የቮልስ ልብስ» ብሎ ብቻ አይጻፍለት። ከኋላ ወንበር ሥር ባለው ብረት ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ይላክለት። ከ1965 ሥሪት ወዲህ ሦስተኛው አኃዝ የሥሪቱን ዓመት ይናገራል፤ ለምሳሌ የእኔ በ118 ይጀምራል። ቁጥሩ ሊብሬ ላይም አለ፤ ቢሆንም ብረቱን ራሱን ማየት ይሻላል።

ስለ ወንበሩም አንድ ቃል ልጨምር። የድሮው መቀመጫ በሞላው ላይ የፈረስ ጸጉር ወይም የኮኮናት ቃጫ ያለው ምንጣፍ ነበረው። ዛሬ ያ ወጥቶ ስፖንጅ በቀጥታ በሞላው ላይ ይደረጋል፤ ሞላውም ስፖንጁን በጥቂት ጊዜ ይበላዋል። በመካከሉ ወፍራም ጆንያ ቢነጠፍ ይህ አይደርስም።

«አሮጌውን መኪና ሸጠህ አትገላገልም ወይ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስመጣ ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ተጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። በደመወዝ ለሚኖር ሰው በእጁ ያለውን ጠብቆ ከማቆየት ሌላ ምን መንገድ አለው? ፋብሪካውም ቢሆን ይህን ዓይነት መኪና በጀርመን አገር በ1978፣ በሜክሲኮ በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሥራቱን አቁሟል።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። በመርካቶም ሆነ በሌላ ሠፈር ያሉ የመኪና ልብስ ሰፊዎች የእያንዳንዱን ሥሪት ልክ በካርቶን ቆርጠው ዓመቱን ጽፈውበት ግድግዳቸው ላይ ይስቀሉ። ለዚህ ድካማቸው ባለ መኪናው ጥቂት ጨምሮ ቢከፍል አይጎዳም። እኔ በመጨረሻ የተሳካልኝ የዚያው ዓመት ሥሪት ያለው አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ የበሩን ሽፋን ለሁለት ቀን ስላዋሰኝ ነው። ከእርሱ የተቀዳው ልክ አሁን በቤቴ ይገኛል። የ1968 ቮልስዋገን ያለው አንባቢ ቢፈልገው በጋዜጣው በኩል ይጻፍልኝና ወስዶ ይመልስልኝ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ