የመጀመሪያው ሺሕ ኪሎ ሜትር

ከመቐለ አንድ ደብዳቤ ደርሶኛል። ጸሐፊው በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ሥራ ከጀመረ አራት ዓመት የሆነው ወጣት ነው። ስሙ እንዳይገለጽ ስለ ለመነኝ አልገልጸውም። ጥያቄው ግን የብዙ አንባቢዎቼም ጥያቄ ስለሆነ እዚሁ ዓምድ ላይ ልመልስለት ወደድሁ።

ወጣቱ ዕቁብ ደርሶት ከአጎቱ አንዲት ቶዮታ ቪትዝ ገዛ። መኪናዪቱ በጦርነቱ ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ከግቢ ሳትነቃነቅ ስለ ቆመች፥ ሞተሯ ተፈትቶ፥ ሲሊንደሩ ተሞርዶ፥ ፒስተኑና ቀለበቶቹ በአዲስ ተተክተው በቅርቡ ከጋራዥ ወጥታለች። ባልንጀራው ደግሞ ውጭ አገር ያለ ወንድሙ ገንዘብ ልኮለት፥ የወንበሯ ላስቲክ ገና ያልተገፈፈ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ገዝቷል። ሁለቱም ለልደት በዓል እናቶቻቸውን ይዘው ወደ ማይጨው ለመሄድ አስበዋል። «መካኒኩ ሮዳጁን ሳትጨርስ ዳገት እንዳትሞክር አለኝ፤ ባልንጀራዬ ግን የኔ መኪና ሮዳጅ የላትም እያለ ይሥቅብኛል፤ የማንን ልስማ?» ይላል።

በደብዳቤው ግርጌ፥ እንደ ቀላል ነገር፥ ሁለት መሥመር ጨምሮበታል። ባልንጀራው መኪናዋን በተረከበ በሦስተኛው ቀን፥ በምሽት፥ የፈረቃ ሠራተኞች በሚወጡበት ሰዓት በመንገዱ ሲያልፍ አንዲት ልጅ ድንገት ከፊቱ ተሻገረች። ፍሬን ረገጠ፤ መኪናዋ ተንሸራታ ከልጅቱ አንድ ርምጃ ያህል ሲቀራት ቆመች። «እግዚአብሔር አወጣን» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ ግን ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ ሳነበው ከእነዚህ ሁለት መሥመሮች ማለፍ አልቻልሁም።

አስቀድሜ ለመካኒኩ ልፍረድ። በየጋራዡ ሮዳጅ ሲባል የምንሰማው ቃል ከጣሊያንኛው «ሮዳጆ» የመጣ ሲሆን፥ ማለማመድ፥ ማግባባት እንደ ማለት ነው። የምንና የምን ማግባባት ቢሉ፥ የብረትና የብረት። የሲሊንደሩ የውስጥ ግድግዳ ለዐይን እንደ መስተዋት ይምሰል እንጂ በአጉሊ መነጽር ቢታይ እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ቀጫጭን ጭረቶች ሆን ተብለው የተሠሩበት ነው። ዘይቱ የሚያርፈው በእነዚህ ጭረቶች ውስጥ ነው። የፒስተኑ ቀለበቶች ወደ ላይና ወደ ታች በተመላለሱ ቍጥር የጭረቶቹን ሹል ጫፍ ይልጉታል፤ ራሳቸውም ይላጋሉ፤ በዚህ ሁኔታ ቀለበቱና ግድግዳው ልክ ለልክ ይሆናሉ። ይህ ሳይፈጸም ሞተሩን ማስጮኽ፥ ገና ያልተሟረደውን ብረት አንዱን ባንዱ ላይ ማጋል ነው።

በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አዲስ መኪና የገዛ ሰው በኋላ መስተዋቱ ላይ «በማለማመድ ላይ ነኝ፤ እለፉኝ» የሚል ጽሑፍ ይለጥፍ ነበር። ዛሬ ፋብሪካዎች ብረቱን እጅግ አጥርተው ስለሚሠሩት ያ ወረቀት ቀርቷል። ጋራዥ ውስጥ የታደሰ ሞተር ግን እንደ ፋብሪካው አይደለም፤ የድሮው ጥንቃቄ ሁሉ ይገባዋል። ስለዚህ ወንድሜ፥ ቢያንስ እስከ 1,000፥ ቢቻል እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ድረስ ሞተሩን ከሚችለው ዙር ከግማሽ እምብዛም አታሳልፈው። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ አትርገጥ። አምስት ሰው ጭነህ፥ በላዩ ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ አትጨምርበት።

ነገር ግን አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ብዙ ሰው ሮዳጅ ማለት ሞተሩን እንደ ሕፃን ማባበል ብቻ ይመስለዋል። በአራተኛ ማርሽ በ30 ኪሎ ሜትር እያቃሰተ የሚሄድ፥ ወይም ጧት ጧት ቁርሱን በልቶ እስኪጨርስ ድረስ ሞተሩን ቆሞ የሚያስጮኸው፥ እርሱም ይጐዳዋል። ቀለበቱ ከግድግዳው ጋር የሚጣበቀው በመጠኑ ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ሥራ ካጣ ግድግዳው እንዲያው ይለሰልስና ቀለበቱ ሳይገጥም ይቀራል፤ መኪናውም ዕድሜውን ሁሉ ዘይት ሲጠጣ ይኖራል። ስለዚህ አስነስተህ ጥቂት ሰከንድ ከጠበቅህ በኋላ በቀስታ ሂድ፤ ፍጥነትህን ከፍ ዝቅ አድርግ፤ በአንድ ልክ ለረጅም ሰዓት አትሂድ። ለዚህ ከመቐለ እስከ ውቅሮ ያለው መንገድ የተመቸ ነው። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሜዳም ዳገትም አለበት፤ በየቅዳሜው ደርሰህ ብትመለስ፥ ከከተማው ሥራ ጋር ሁለት ወር ሳይሞላ 1,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ያን ጊዜ፥ መካኒኩ ቀደም ብለህ ና ካላለህ በቀር፥ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይር። የተላገው ብናኝ ሁሉ ያለው በዚያ ዘይት ውስጥ ነውና ለቍጠባ ብለህ አታቆየው።

ሌላው የመቐለ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር የአየሩ መሳሳት ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል ይጐድላል። የቤንዚን ሞተር፥ አየር የሚያጭቅ ተርቦ ከሌለው፥ ኃይሉ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለ መኪናው ታዲያ «ሞተሩ ደከመ፤ አበላሽተውብኛል» ይልና ነዳጅ መስጫውን አብዝቶ ይረግጣል። አልደከመም፤ አየር አንሶት ነው። ማርሽ መቀነስ እንጂ መርገጥ አያድነውም። አላጄ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል፤ የተራራው ራስ 3,438 ሜትር ነው፤ መንገዱ እጫፉ ላይ ባይወጣም ብዙ አይርቀውም።

አሁን ወደ ባልንጀራህ ልምጣ። መቐለ ለአዲስ መኪና እንግዳ አይደለችም። መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ከፈረንሳዩ ፔዦ ጋር ተዋውሎ በ2008 ዓ.ም. አውቶሞቢል እዚያው መገጣጠም ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ አዲስ መኪና ሲባል ሁሉም የሚያስበው የቤንዚን ወይም የናፍጣ ሞተር ነበር። በ2016 ዓ.ም. ግን መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ዛሬ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው እጁ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። ባልንጀራህም «ሮዳጅ የላትም» ሲል ግማሹን እውነት ተናግሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር ፒስተን የለውም፤ ሲሊንደር የለውም፤ የሚላግ ቀለበት የለውም። አየር መሳሳቱም ኃይሉን አይቀንሰውም። አላጄን ሲወጣ አንተ በሁለተኛ ማርሽ ስታቃስት እርሱ እያፏጨ ያልፍሃል።

የቀረው ግማሽ ግን ከዚያች ልጅ ፊት የታየው ነው። መኪና ሞተር ብቻ አይደለም። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ቅርፅ ማውጫው ውስጥ እንዳይጣበቅ የሚቀባው ነገር በላዩ ላይ ይቀርና ፊቱ ልሙጥ ይሆናል። ይህ ተፍቆ ጎማው አስፋልቱን በደንብ እስኪይዝ ድረስ መቶ፥ ሁለት መቶ፥ አንዳንዴም ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። አዲስ የፍሬን ሸራም ከዲስኩ ጋር ፊት ለፊት እስኪገጥም ድረስ ሙሉ ኃይሉን አይሰጥም። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን የነበረችው መኪና በሦስተኛው ወር ከምትሆነው መኪና ይልቅ ቆይታ የምትቆም ነበረች፤ ነጂዋ ግን አዲስ ስለሆነች ከሁሉ ፈጥና የምትቆም መስላው ነበር። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። አዲስነት የሚያስተማምን ይመስላል፤ አደጋው ግን የሚበዛው በዚያው ሳምንት ውስጥ ነው፤ ጎማውም፥ ፍሬኑም፥ ነጂውም ገና አልተላመዱምና።

ሒሳቡን እንየው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዐይን አይቶ እግር ፍሬን እስኪደርስ አንዱ ሰከንድ ያልፋል፤ 17 ሜትሩ ፍሬን ሳይያዝ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ፥ በደኅና ጎማ፥ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ይፈጃል። ፍጥነቱ 40 ቢሆን ግን ሁለቱ ተደምረው 20 ሜትር ያህል ብቻ ይሆናሉ። ይህ ደኅና ጎማና የተላመደ ፍሬን ላለው ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው፥ ረገጥ ሲያደርጉት ኃይሉ ያለ መዘግየት ስለሚመጣ፥ በቤንዚን መኪና የለመደ እግር ሳያስበው ወደ ፊት ይወረውረዋል። ሁለተኛው ዝምታው ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፥ በዋናው የልብስ ስፌትና የጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚሠራበት ቦታ ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ ፈረቃ ሲያልቅ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ድምፅ ጆሮዋን ያደነቆራት ልጅ፥ ከጓደኞቿ ጋር እየተጫወተች፥ በመንገዱ ዳር ትሄዳለች። መኪና መምጣቱን የምታውቀው በዐይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው። ዝም ብሎ የሚመጣውን አትሰማውም። አውሮፓውያን ይህን አይተው፥ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ዓይነት የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በዝግታ ሲሄድ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰማ በሕግ አዘዋል። የባልንጀራህ መኪና ይህ ድምፅ እንዳላት ይመርምር፤ ብትኖራትም በፈረቃ ሰዓት እርሱን አይመናት። ከ30 አይለፍ፤ እግሩንም ከነዳጅ መስጫው (ነዳጅ ባይኖረውም ስሙ ይኸው ነው) ላይ አንሥቶ ወደ ፍሬኑ አቅርቦ ይጠብቅ።

ስለ ቁልቁለቱ ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከመቐለ ማይጨው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓዲ ጉዶምንና ሕዋነን አልፎ አላጄ ላይ ይወጣና ወደ ማይጨው ይወርዳል። በዚህና ይህን በመሰለ መንገድ ብዙ ሾፌር ነዳጅ ቈጠብሁ ብሎ ቁልቁለቱን በፎሌ ይለቀዋል። እንኳን ሊቈጥብ ቀርቶ ያባክናል። የዛሬ ሞተር ማርሽ እንደ ገባ ቁልቁል ሲወርድና እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጅ መርጨቱን ጨርሶ ያቆማል፤ ፎሌ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ራሱን ለማቆየት ነዳጅ ይጠጣል። በዚያ ላይ መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል፤ ሸራው ይግላል፤ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ፔዳሉም እንደ ረጠበ ስፖንጅ እስከ ወለሉ ይወርዳል። «ፍሬን እምቢ አለ» የሚባለው ይኸው ነው። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። የኤሌክትሪክ መኪናም ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ መያዣ ይላላል። ስለዚህ ባልንጀራህ ቁልቁለት ሊጀምር ሲል ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ እንዳይሆን ይጠንቀቅ።

እንግዲህ ለልደት ምን ይሁን? ቪትዟ እስከዚያ ቀን 1,000 ኪሎ ሜትር ካልሞላች አትውሰዳት። ባልንጀራህ ግን ጎማውና ፍሬኑ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሠሩ፥ የጎማውም ብሎኖች ከመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ከተጠበቁ፥ ሁለቱንም እናቶች በእርሱ መኪና ይዛችሁ ሂዱ። በጧት ውጡ፤ በቀን ተመለሱ። መሪውን ሰዓት ሰዓቱን ተቀባበሉ፤ ያልያዘው ሰው መንገድ ይይ እንጂ ስልክ አይይ። እናትህን ከፊት አስቀምጣቸው፤ ቀበቶውንም አንተ ራስህ እሰርላቸው፤ ነጠላቸው በቀበቶው ላይ ተደራርቦ እንዳይሸሽ ከሥሩ አውጥተህ አስተካክልላቸው።

ከዓዲግራት ስለ መንጃ ፈቃድ የጠየቀችኝ ተማሪ በሚቀጥለው ሳምንት መልሷን ታገኛለች።