ስለ ንብ ሥዕልና ስለ ልጆች ቀለም

መሥመሩ አስቀድሞ ተስሎ ልጁ ቀለሙን ብቻ እየሞላ የሚጫወትበት ወረቀት በቂርቆስና በካዛንቺስ ባሉት የጽሕፈት ዕቃ መሸጫዎችና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በቀላሉ የሚገኝ ሆኗል። ከነዚህም ወረቀቶች መካከል የንብ ሥዕል ያለበት አይታጣም። የልጅን እጅ የሚያለማምድና ዓይኑን የሚያነቃ ነገር ስለሆነ እኛ ወረቀቱን አንነቅፍም። ነገር ግን በላዩ የተሳለው ንብ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መሆኑን ወላጆች ልብ እንዲሉት እንወዳለን።

የዚያ ንብ ሆድ እንደ ሎሚ የደመቀ ብጫ ነው፤ ቀፎውም እንደ ጉልላት ያለ ክብ ነው። እንዲህ ያለው ቀፎ በአውሮፓ ቀድሞ ከገለባ እየተጎነጎነ ይሠራ የነበረ ነው እንጂ በጎጃም ወይም በሸዋ ገበሬ ደጅ የሚታይ አይደለም። የኛ ቀፎ ረዥም ድብልብል ሆኖ ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ይሠራል፤ በእበትና በጭቃም ተለስኖ በጎኑ ይጋደማል። የደጋው ንባችንም ጠቆር ያለ ነው። የውጭ አገርና ያገራችን ሊቃውንት መርምረውት እ.ኤ.አ. በ2011 ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን ገልጸው ሲሜንሲስ የሚል ስም አውጥተውለታል። የከተማ ልጅ ማርን በጠርሙስ እንጂ በቀፎ አያውቀውምና በወረቀት የሚያየው ንብ እንኳ ያገሩ ቢሆን ደግ ነው።

ደግሞም ልጆቻችን ሥዕል መሳልን ከሌላ የተማሩት አይደለም። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ፀሐይና አበባ፣ መልአክም የሳሉበትን ወረቀት ይዘው በየጎረቤቱ ደጅ እየቆሙ ስጦታቸውን ይሰጣሉ፤ ብርም ይቀበላሉ። ወሩ አደይ አበባ የሚፈነዳበት፣ ንብም በየሜዳው የምትሰማራበት ስለሆነ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር መነሻው ይኸው አበባ ነው። እንግዲህ በአደዩ ላይ ያረፈች ንብ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ከሁሉ የተስማማች ናት።

ይህንንም አሁን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። በቀድሞው መንደር ልጁ የየትኛው ደጅ ባለቤት ማን እንደሆነች ያውቅ ነበር፤ በአዲሱ ሰፈር ግን በደረጃው ላይና ታች የሚኖረውን ሰው እንኳ ስሙን አይጠራውም። ባዶ እጁን የማያውቁትን በር ማንኳኳት ለልጅ ከባድ ነው፤ ራሱ የሳለውን ይዞ ሲሄድ ግን ጉዳይ ያለው ሰው ይሆናል። ከመደብር የተገዛ ሥዕል ይህን ድፍረት ይሰጠዋል ብለን አናምንም።

አሳሳሉም ቀላል ነው። እናት ወይም አባት በእርሳስ መሥመሩን ያውጡለት፤ ቢችል ራሱ ያውጣው። የንብ ሰውነት ሦስት ክፍል ነው፤ እግሯ ስድስት፣ ክንፏ አራት፣ ቀንዷ ሁለት ነው። ዓይኗ አምስት ነው ብንል የሚደነቅ ይኖራል፤ ሁለቱ በጎንና በጎን ትልልቆች ሲሆኑ ሦስቱ በግንባሯ ላይ እንደ ነጥብ ያሉ ናቸው። ድንጉላው ወፍራም ነው፤ ዓይኑ ሰፊ ነው፤ መናደፊያ የለውም። ንግሥቲቱን ንብ አርቢዎቻችን አውራ ይሏታል፤ በስሟ ተታለው ልጆች ወንድ አድርገው እንዳይቆጥሯት ይነገራቸው። ንብ ለማየትም በአበባ ላይ ያለችውን ከራቅ ብሎ ማየት ይበቃል፤ የኛ ንብ ቁጡ ናትና ልጅን ወደ ቀፎ ማስጠጋት አይገባም።

ቀለም መግዣ ለሌለው ቤት ወጥ ቤቱ ይበቃል። እርድ በጥቂት ውሃ ቢበጠበጥ የአደይን ብጫ ይሰጣል። የወፈረ ቡና ለንቧ ሆድና ለቀፎው ይሆናል፤ የተፈጨ ከሰልም ለመሥመሩ። ቀይ ቀለም ባይገኝ ንቧ አትቀየምም። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ኦስትሪያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1914 በጻፈው ምርመራው፣ ሰማያዊ ወረቀት በብዙ ግራጫ ወረቀቶች መካከል አኑሮ ንቦችን በስኳር ውሃ አለመደ። ስኳሩ ከተነሣ በኋላም ንቦቹ ሰማያዊውን ለይተው መጡ፤ ቀዩ ግን ከጥቁሩ ጋር ተምታታባቸው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ መነሻው ግን ልጅ ሊሠራው የሚችል የወረቀት ጨዋታ ነበር።

አዋቂዎችም በዚህ ሥራ አይፈሩ። በውጭ አገር የስኮትላንዷ ሠዓሊ ጆሐና ባስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዋቂዎች ያወጣችው የቀለም መቀቢያ መጽሐፍ በብዛት ተሸጧል። በቂርቆስም ክፍለ ከተማ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1961 የሠራው 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል አለ፤ እያንዳንዱ ቀለም በጥቁር ድንበሩ ውስጥ ገብቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል። ይህ ከወረቀቱ ሥራ በመጠኑና በጥበቡ እንጂ በመንገዱ አይርቅም።

ለአዋቂ የሚስማማው የማር እንጀራ ነው። አንድ ሳንቲም በወረቀቱ መካከል ተቀምጦ በዙሪያው ስድስት እኩዮቹ ቢደረደሩ እርስ በርሳቸው በልክ ይነካካሉ። ክቦቹ በእርሳስ ከተከበቡ በኋላ በየመነካኪያቸው ቀጥ ያለ መሥመር ቢሰመር በመካከሉ ባለ ስድስት ጎን ቤት ይወጣል፤ ረድፉንም እየጨመሩ ወረቀቱን መሙላት ይቻላል። አባት ይህን ሲያሰምር ልጁ ማሩን ይቀባ፤ የትግራይ ማር ነጭ ነውና አንዳንዱን ቤት ባዶ ቢተወው ትክክል ነው።

የእርድ ቀለም በፀሐይ ፊት ቶሎ ይለቃል። ስለዚህ ሥዕሉ በጳጉሜን ተቀብቶ በጥላ ከደረቀ በኋላ እስከ በዓሉ ጠዋት ድረስ በደብተር ቅጠሎች መካከል ይቀመጥ።