በጋምቤላ ወገቡን ያመመው ሰው በምን ቋንቋ ይጠየቅ?

«ስለ ወገብ ሕመም ሐኪም ይጻፍ፤ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ሐኪሞች ዛሬም የሚሠሩበትን የእግር ማንሣት ምርመራ በ1880 እ.ኤ.አ. የገለጸው ላዛ ላዛሬቪች የተባለ የሰርቢያ ሐኪም ሲሆን፥ ይኸው ሰው በአገሩ በአጫጭር ልብ ወለዶቹም የታወቀ ነው። በማግሥቱ ዓመት የፈረንሳዊው የላሴግ ተማሪ ስለ ጻፈበት ምርመራው በላሴግ ስም ተጠርቶ ቀረ። ይህ ዓይነቱ ዕጣ ለደራሲ አዲስ አይደለም!

ምርመራው ቀላል ነው። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፤ ሐኪሙ ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ቀስ አድርጎ ያነሣዋል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ፥ ከአከርካሪ የሚወጣው የነርቭ ሥር መነካቱ ይጠረጠራል። ጤነኛው እግር ሲነሣ የታመመው ወገን ካመመ ደግሞ ጥርጣሬው ይበረታል። ቀጥሎ በተረከዝና በእግር ጣት ጫፍ ማስኬድ፥ የአውራ ጣትን ኃይል መፈተን፥ የቁርጭምጭሚቱን ጅማት በመዶሻ መታ ማድረግ ነው። መብራት አይጠይቅ፥ ፊልም አይጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ይጠይቃል፤ እርሱም ቃል ነው። የጭን የኋላ ጅማት ብቻ ሲሳብም ያማልና፥ ልዩነቱ ያለው «የት ላይ ተሰማህ? ወረደ ወይስ እዚያው ቀረ? ደነዘዘህ ወይስ አቃጠለህ?» ለሚለው በሚሰጠው መልስ ላይ ነው። በጋምቤላ ክልል የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በሽተኛው ግን የሚናገረው አኝዋክኛ፥ ኑዌርኛ ወይም መዠንግርኛ ሊሆን ይችላል። በጣት ጥቆማ ብቻ ከተግባቡ በካርዱ ላይ የሚሰፍረው «ያመዋል» የምትል ቃል ናት። (አማርኛ ተናጋሪውስ ቢሆን ወገቡን ባመመው ቁጥር «ኩላሊቴን» ይል የለምን?)

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ውድ ነው። ከብት ተሸጦ፥ ስንቅ ተቋጥሮ፥ ለኤም አር አይ ሩቅ ከተማ ይኬዳል። መሣሪያው ግን ምንም በማያማቸው ሰዎች ላይ እንኳ ያበጠ ዲስክ ያሳያል፤ አብዛኛውም የነርቭ ሥር ሕመም ያለ ቀዶ ሕክምና በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል።

ይልቁንም የሚያስፈራኝ ተቃራኒው ነው። በመቀመጫና በኀፍረተ ሥጋ ዙሪያ መደንዘዝ፥ ሽንት እምቢ ማለት፥ የሁለቱም እግሮች መዛል አጣዳፊ ቀዶ ሕክምና የሚሻ ምልክት ነው። ትኩሳትና መክሳት ሲጨመር ደግሞ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ መታሰብ አለበት። አስተርጓሚዋ የአሥር ዓመት ልጇ የሆነ እናት ስለ ሽንቷና ስለ ኀፍረቷ ምን ትመልሳለች? «ደኅና ነኝ» ትላለች።

በበኩሌ የምጠይቀው ሐውልት አይደለም። ከክልሉ የመጡ የቋንቋ ተማሪዎችና የሕክምና ተማሪዎች አብረው ይቀመጡ፤ ለየቋንቋው አሥር ጥያቄ የያዘ አንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ በሽተኛው ጣቱን የሚያሳርፍበት የጀርባና የእግር ሥዕልም ይኑርበት። ከመታተሙ በፊትም ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ አንድ ሽማግሌና አንዲት እናት ይስሙት፤ የመዝገበ ቃላት ትርጉም ሌላ፥ የሰው ንግግር ሌላ ነውና። ማባዛቱን ለዚህች መጽሔት መኪና ተዉት፤ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ ያልቃል።