አሳማው ሌሊት ይበላል፤ አደኑ ግን በቀን ይሁን

በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በሸካ ጫካ ጥግ የሚያርስ ገበሬ በቆሎው እሸት ከያዘበት ቀን አንሥቶ እስኪሰበስብ ድረስ ቤቱ አያድርም። ማማ ሠርቶ፣ እሳት አንድዶ፣ ቆርቆሮ እየመታና ጅራፍ እያጮኸ ያነጋል። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ይፈራረቁበታል። ዝንጀሮን እንኳ በዓይን አይተው ያባርሩታል። አሳማ ግን በጨለማ ገብቶ አገዳውን እየሰበረ ይጥላል፤ ከሚበላውም የሚረግጠው ይበዛል። ጎደሬ ወይም ስኳር ድንች ያገኘ እንደሆነ ማሳውን በበሬ የታረሰ አስመስሎት ያድራል። በማሻ በኩል ደግሞ ቤተሰብ ዓመታት የጠበቀውን እንሰት ከሥሩ ቆፍሮ በአንድ ሌሊት ሲጥለው ይታያል።

ይህ ጉዳይ በማኅበር ስብሰባ በተነሣ ቁጥር የሚሰማው መፍትሔ አንድ ነው፤ ጠመንጃ ያላቸው ሰዎች ተመርጠው ሌሊት እያደፈጡ ይግደሉ ይባላል። እንስሳው የሌሊት ስለሆነ አደኑም በሌሊት ይሁን ማለት ለጆሮ ትክክል ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ለሰውም ለሰብልም የማይበጅ አካሄድ ነው፤ የማኅበር መሪዎችም ሊፈቅዱት አይገባም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ በሆነበት ወቅት በጨለማ የሚንኮሻኮሽ ነገር አሳማ ይሁን፣ ጎረቤት ይሁን፣ የጠፋች ጥጃ ፍለጋ የወጣ ልጅ ይሁን በእጅ ባትሪ ብርሃን ለይቶ መተኮስ አይቻልም። ከዚያ ማሳ ወዲያ በሌላው ማማ ላይ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ተኝቷል። ጥይቱ ቢስት የት እንደሚያርፍ ተኳሹ አያውቅም። አሳማውም ቢሆን ቆስሎ ጥሻ ከገባ ጧት ዱካውን የሚከተለውን ሰው ዞሮ የሚወጋ አውሬ ነው። ከዚህም ሌላ የአሳማ አፍንጫና ጆሮ ከእኛ ዓይን እጅግ ይበልጣል። አንድ ጥይት ሲጮኽ መንጋው ወደ ጥሻው ይሮጣል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት በጎረቤት ማሳ በኩል ይመለሳል። አንዱ ገበሬ ጉዳቱን ወደ ሌላው አሻገረ እንጂ ጠላቱ አልቀነሰም።

እዚህ ላይ እንስሳውን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ ሰው ሁሉንም ከርከሮ ይላቸዋል። ትክክለኛው ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ ሣር ሲግጥ ይታያል፣ ሲመሽም አዋልዲጌሳ የቆፈረውን ጉድጓድ የመሰለ ዋሻ ፈልጎ ይገባል። የዱር አሳማ የምንለው ግን ጀርባው ላይ ረዥም ጋማ ያለው፣ ጆሮው የሾለ፣ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ የሚደርስ፣ አውራው፣ እንስቶቹና ግልገሎቹ አብረው የሚሄዱ እንስሳ ነው። እንስቷ የምታረግዘው ለአራት ወር ያህል ብቻ ሲሆን በአንድ ጊዜም ብዙ ግልገል ትወልዳለች። (በነገራችን ላይ ጀርመናዊው ተጓዥ ሆይግሊን እ.ኤ.አ. በ1863 ለዚህ ዝርያ በሰጠው ሳይንሳዊ ስም ውስጥ «ሃሳማ» የሚል ቃል ይገኛል። የእኛው አሳማ ነው ማለት ነው።) ሦስተኛው ትልቁ የጫካ አሳማ ነው። ጥቁር ጠጉር ያለው፣ ከ200 ኪሎ የሚያልፍ፣ በደቡብ ምዕራብ ደኖችና በባሌ ሐረና የሚገኝ፣ የውጭ አገር አዳኞች ለመንግሥት ክፍያ ፈጽመው የሚያድኑት እንስሳ ነው። በጨለማ የሚተኩስ ሰው ይህን ከዚያኛው አይለይም።

የዱር አሳማ ሰው በሚያሳድደው አካባቢ ሁሉ ይበልጥ ወደ ሌሊት ያዘነብላል። ቀን ግን አይጠፋም፤ ይተኛል። የሚተኛውም ዝም ብሎ በጫካው ሁሉ ሳይሆን በሚታወቅ ጥሻ፣ በወንዝ ዳር ቁጥቋጦ፣ ጠፍ በሆነ የቡና መሬት ውስጥ ነው። ከማሳው ወጥቶ ወደዚያ የሚመለስበትን መንገድ በየጧቱ ዱካው ያሳያል። አደኑ እንግዲህ እዚያ፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በብዙ ሰው መሆን አለበት። አባቶቻችንም በጦርና በውሻ ሲያድኑ የነበረው በዚህ ዐይነት ነው።

ጊዜው ከመኸር በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ሣሩ ደርቆ ጥሻው የሳሳበት፣ በማሳ ላይ የሚረገጥ ሰብል የሌለበት፣ ሰውም ከሥራ የሚያርፍበት ወቅት ነው። ግማሹ ሰው ውሻ ይዞ በመስመር እየጮኸ ያባርራል፤ ግማሹ በመውጫው በኩል ቆሞ ይጠብቃል። ነፋሱ ከአባራሪዎቹ ወደ ጠባቂዎቹ የሚነፍስ መሆን አለበት፤ አለዚያ አሳማው የጠባቂዎቹን ሽታ ቀድሞ ይሰማና በጎን ያመልጣል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ቢኖር ከመስመሩ ጫፍ ይቁም፤ ወደ አባራሪዎቹ አፈ ሙዙን አያዙር። ልጆች አይከተሉ። ግልገል የያዘች እንስት ከጥሻ ስትወጣ ውሻን ሆዱን ትዘረግፋለች፤ ሰውንም አትፈራም። ውሾቹ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተቡ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ከአውሬ ጋር ተናክሶ የሚመለስ ውሻ ማታ ከልጆች ጋር ነውና የሚያድረው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። የዱር አሳማ አደን ለአዳኙ ምንም አያስገኝም። ሥጋውን የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም፤ የገደለው ሰው ቀብሮት ይሄዳል። ድኩላ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳይጠራው ይሄድ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ለግለሰብ ፈቃድ ከተተወ ጫካ ጥግ ያለው ድሀ ብቻውን ይቀራል፤ ማሳው መሐል አገር የሆነው ደግሞ ጥቅሙን እያገኘ ተኝቶ ያድራል። የጫካ ጥግ ገበሬ ለመሐሉ ገበሬ አጥር ሆኖ እያገለገለ መሆኑን ማኅበሩ በግልጽ ሊቀበለው ይገባል። የአደን ቀን እንደ መንገድ ሥራና እንደ ምንጭ ማጎልበት የሁሉም ግዴታ ይሁን፤ ውሻው ለሞተበትም ማኅበሩ ይተካለት።

ሌላም ሊደበቅ የማይገባ ነገር አለ። በከፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን የዱር አሳማ አድነው ይበሉ ስለነበር ብቻ ለረዥም ዘመን ተንቀው፣ ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተደርገው ኖረዋል። በቆሎውን ከአውሬ የሚጠብቅለትን ሰው የሚንቅ መንደር እንዴት ያለ መንደር ነው? ዛሬም የአሳማ ዘመቻ ሲነሣ ሥራውን ለእነርሱ ጥሎ መሸሽ የሚፈልግ አይጠፋም። መሪዎች ይህን ማስቆም ያለባቸው በስብሰባ ንግግር ሳይሆን የተራ ዝርዝሩን ሲጽፉ ራሳቸውን ከፊት በማስቀመጥ ነው።

መርዝን በተመለከተ ቃል ማብዛት አያስፈልግም። ለተባይ የመጣ መድኃኒት በበቆሎ ለውሶ ጫካ ጥግ መበተን ወንጀል ከመሆኑም በላይ ሞኝነት ነው። የሞተውን አሳማ የበላ ጅብ፣ ነብር፣ አሞራና ውሻ ሁሉ ይሞታል። ነብርና ጅብ ደግሞ የአሳማን ግልገል ሳንከፍላቸው የሚለቅሙልን አዳኞች ናቸው። የሽቦ ወጥመድም ድኩላውን ከአሳማው አይለይም። ሳይታጠር የተተወ ጉድጓድ የጎረቤት ላም እግር ይሰብራል።

በሌሊት የሚሠራው እንግዲህ ጥበቃ ነው፤ ያም ቢሆን በተራ መሆን አለበት። ሒሳቡን እንየው። 20 አባወራዎች በአንድ ጫካ ጥግ ተያይዞ የተዘራ ማሳ አላቸው እንበል። ጥበቃው 90 ሌሊት ቢወስድና እያንዳንዱ ቤት ለየራሱ አንድ ሰው ቢያሳድር 1,800 የሰው ሌሊት ይጠፋል። በየሌሊቱ አራት ሰው በአራት ማማ ሆኖ የሁሉንም ቢጠብቅ ግን 360 ብቻ ይበቃል፤ ለአንድ ቤት 18 ሌሊት ይደርሰዋል ማለት ነው። የቀረውን 72 ሌሊት ሰውዬው ቤቱ ይተኛል። በቆላው በኩል ወባ የሚያናክሰው በሌሊት መሆኑን፣ በደጋው በኩል ደግሞ የብርዱን ነገር ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውንም ተማሪ ማሰብ ነው፤ አባት ሌሊቱን ሲጨርስ ቀኑን ዝንጀሮ እንዲጠብቅ የሚቀረው እሱ ነው።

ይህ ተራ እንዲሠራ ግን ማሳዎቹ ተያይዘው፣ በአንድ ሰሞን መዘራት አለባቸው። አንዱ ሚያዝያ ሌላው ሰኔ ከዘራ የእሸቱ ጊዜ ይረዝማል፤ አሳማውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ሁለት ወር ይቀለባል። በጫካው ጥግ ያለውን ቁጥቋጦ መመንጠርም ያስፈልጋል። ደኑን ግን አልልም። ጫካው ይቆረጥና አሳማው ይጥፋ የሚሉ አሉ፤ ማሩንና ቡናውን ረስተውታል። ደግሞም ከፋና ያዩ በ2002 ዓ.ም.፣ ሸካ በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል።

የሕጉን ነገር በጊዜ መጨረስ ይገባል። በዐዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው፤ የጦር መሣሪያም በዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል። ማመልከቻውን በቆሎው ከተበላ በኋላ በነሐሴ ይዞ መሮጥ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሲመጣ አገዳው ለከብት ተሰጥቷል። በታኅሣሥ በቃለ ጉባኤ ተወስኖ፣ የጥሻዎቹ ስምና የሚወጣው ሰው ብዛት ተጽፎ ለወረዳው ይድረስ። ወረዳውም በበኩሉ የዱር እንስሳ ባለሙያ አብሮ እንዲወጣ ማድረግ አለበት፤ ደብዳቤ ተቀብሎ መዝገብ ቤት ማስቀመጥ ሥራ አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ አንድ ደብተር ነው። ተረኛው ጧት ከማማ ሲወርድ ቀኑን፣ የማን ማሳ እንደተነካ፣ ስንት እርምጃ በስንት እርምጃ እንደጠፋና መንጋው በየት በኩል እንደወጣ ለጸሐፊው ይንገር፤ ጸሐፊውም ይመዝግብ። የጥር አባራሪዎች የትኛውን ጥሻ እንደሚከብቡ የሚያውቁት ከዚሁ ደብተር ነው።