ያኔ የፈራነው ጅብ ነበር

ጊዜው ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አምስት ጓደኛሞች ከወልድያ በሚኒባስ ተነስተን፣ ሲሪንቃንና መርሳን አልፈን ውርጌሳ ወረድን። ሦስታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም። ወሎ ነውና ይህን የቆጠረ አልነበረም። በየቦርሳችን በሶ፣ ቆሎ፣ ጋቢና ባትሪ ይዘናል። አንድ ጀበናና ከሰው የተዋስናት አንዲት ድንኳንም አለች። አስፋልቱን ትተን ወደ ደጋው የሚወጣውን የእግር መንገድ ያዝን። ሐሳባችን ጫካ አድሮ በማግስቱ መመለስ ብቻ ነበር።

ሲመሽ ማሽላቸውን ከከርከሮ የሚጠብቁ አንድ አባት ከማማቸው ላይ ሆነው ባትሪያችንን አዩ። «እናንተ የማን ልጆች ናችሁ?» አሉን። ነገርናቸው። «ታዲያ ቤት ያለው ሰው ዱር የሚያድረው ምን ጎድሎት ነው?» ብለው ሳቁብን። ከማሳው ዳር ድንኳን እንድንተክል ቦታ አሳዩን፤ የማሽላ እንጀራ በሹሮ አካፈሉን። «ጅብ እንዳይዳፈራችሁ እሳቱን አታጥፉ» ብለውን ወደ ማማቸው ወጡ። መታወቂያ የጠየቀን አልነበረም።

ያቺን ሌሊት የማነሳው ለትዝታ አይደለም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ቀጥሎም ውርጌሳ ራሷ የከባድ መሣሪያ መታኮሻ ግንባር ሆነች። አካባቢው ነፃ የወጣው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ገበሬው ገና አመዱን ሳያራግፍ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ ግጭት ባስከተለው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ክልሉ የተኩስ ድምፅ አልተለየውም። ዛሬ አምስት ወጣቶች ቦርሳ አዝለው በምሽት ያንን ዳገት ቢወጡ ምን ይባላሉ? አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ይላቸዋል፤ ሌላውም እንዲሁ። «የማን ልጆች ናችሁ?» የሚለው ጥያቄም ትርጉሙ ተለውጧል።

«ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ሽርሽር ታወራለህ ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ መንገድ የእኛ የሽርሽር መንገድ ብቻ አይደለም። ገበያተኛዋ ትሄድበታለች፣ ተማሪው ይወርድበታል፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትወሰድበታለች፣ እረኛው ከብቱን ይነዳበታል። እኛ ስንፈራ ከቤት መቅረት እንችላለን። እነሱ ግን እየፈሩም ይሄዱበታል። ለጉብኝት የወጣ ሰው ሊያልፍበት ያልቻለ መንገድ ለኗሪውም ሰላም የለውም ማለት ነው።

ደግሞም ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ መቄት ላይ፣ ተስፋ የሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ከ20 ዓመት በፊት ተጀምሮ ነበር። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄድ፣ ዕቃው በአህያ ይጫን ነበር፤ የሚያድረውም ገበሬዎቹ በሚያስተዳድሩት ጎጆ ነበር። ገንዘቡም ለመንደሩ ይተርፍ ነበር። መንዝ ውስጥ ደግሞ ሕዝቡ የጓሳን ሣር በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ለእኛ አድርሶታል። የሀብሩ ገበሬም በየበጋው በነፃ ጉልበቱ እርከን ሠርቷል፤ ተራራውን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ አድርጎ እንዲያገግም ትቷል። ከሣሩና ከማሩ በተጨማሪ የእንግዳ ገንዘብ ቢያገኝበት ድካሙ ነው፣ ይገባዋል። እንግዳ ስንል የግድ ፈረንጅ መጠበቅ የለብንም። በየሳምንቱ መጨረሻ በቡድን ወደ መናገሻ ሱባ የሚጓዘው የአዲስ አበባ ወጣት ብዙ ነው።

ለዚህ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በመጀመሪያ መሣሪያ የያዙት ሁሉ ቁጭ ብለው ይነጋገሩ፤ ያለዚህ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። ቀጥሎ ውጊያ ያለፈባቸው ዳገቶች ካልፈነዳ ተተኳሽ ይጽዱ፤ ይህ ከእንግዳው በፊት ለእረኛው ልጅ ነው። ከዚያ የየቀበሌው ወጣቶች መንገዱን ይምሩ፣ ዋጋውንም ራሳቸው ይወስኑ።

ባለሥልጣናት «አካባቢው ወደ ሰላሙ ተመልሷል» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ አምስት ልጆች ዛሬ ማታ ከውርጌሳ በላይ ድንኳን ተክለው፣ ከጅብ በቀር ምንም ሳይፈሩ ማደር ይችላሉ? መልሱ «አዎ» የሆነ ዕለት መግለጫውን ያለ ክርክር እቀበላለሁ።

የማማው አባት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። ድንኳኗ ግን አሁንም እኔ ቤት ናት። ባለቤቱ በጠየቀኝ ቁጥር «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልንሄድባት ነው» እለዋለሁ። ይኸው ዓመታት አለፉኝ።